የማይቆመው መምህርና የዶሮ ማነቂያ ልጆች

ሰሞኑን በየስብሰባው «ዲጂታል» የሚል ቃል ያልታከለበት የትምህርት ዕቅድ ማግኘት ያስቸግራል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ቃሉ የማኅተም ያህል ሆኗል፤ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ያልፋል። እንጀራዬ ዕጩ መምህራንን ማሠልጠን ነውና ከማሽን ጋር ጠብ የለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህች አገር አንድ የማስተማሪያ መሣሪያ ወደ ክፍል በገባ ቁጥር «ስንት ተገዛ?» ይባላል፤ «የት የት ደረሰ?» ይባላል። «ማን ያስቆመዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ይህ ጥያቄ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም መምህር ያልነበረ መሆን አለበት።

በዚያ ዓመት ፕላዝማ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ዋና ዋና ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው፣ በመላ አገሪቱ ለሚገኙ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ ይለቀቁ ጀመር። ሐሳቡን በጭፍን ማጣጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም። ብቁ መምህር በጠፋበት፣ ቤተ ሙከራ ማለት ቁልፉ የጠፋ ክፍል በሆነበት አገር፣ የመንዝም የጂንካም የቦሌም ልጅ እኩል ይማር ማለት የሚያስመሰግን ምኞት ነው። የአቶምን ውስጥና የደምን ዝውውር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየትም ጠመኔ የማይችለው ነገር ነው። የትምህርት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለአገራችን እንግዶች አልነበሩም፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እናውቃቸዋለን። እነዚያ ግን መምህሩን ሊያግዙ ነበር የመጡት፤ ፕላዝማው የመጣው ወንበሩን ሊይዝ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የዶሮ ማነቂያ፣ የሠራተኛ ሰፈርና የእሪ በከንቱ ልጆች ነበሩ። አርባ ደቂቃ ከሚሆነው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ፕላዝማው ይወስደዋል፤ ለእኔ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ይተርፉኛል። በመስኮቱ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ትላለች፤ ከዚያም «ቬሪ ጉድ!» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድም አፍ ሳይከፈት ስንት ጊዜ ተመስግነናል! መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ግን ያላየነው እንደታየ ተቆጥሮ ቀጣዩ ይመጣል።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ታወጣለች። የምታወጣው ለእኔ ነው፤ ፕላዝማውማ አያያትም። የፍጥነትና የቬሎሲቲ ልዩነት አልገባትም። ላስረዳት ብል ቴሌቪዥኑ በላዬ ላይ ይናገራል፤ ዝም ብል ልጅቷ እጇን እንዳወጣች ትቀራለች። የትኛውንም ብመርጥ የሚቆም ነገር አልነበረም። ተማሪዎቹ «ፕላዝማ ከፋች» የሚል ስም አወጡልን፤ ስሙም አልተሳሳተም። (ፕላዝማው በአንድ ነገር ይበልጠን እንደነበር ግን አልክድም፤ መብራት እስካለ ድረስ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።) ከዓመታት በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቴሌቪዥኖቹ እየተበላሹ አቧራ ለበሱ። ሲጀመር ብዙ ተለፍፎለት ነበር፤ አሟሟቱ ድምፅ አልነበረውም።

እስቲ አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። መምህር የለም፤ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ ማብሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አገኙት፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ «ያለ መምህር መማር ይቻላል» የሚሉ ሰዎችም ማስረጃ አደረጉት። እኔ እዚያ ድምዳሜ ላይ አልደርስም፤ ጥቂት ታብሌት የአንድን አገር የመምህራን እጦት አይመልስም። የእኔን ቀልብ የያዘው ካሜራው ነው። በፊደልና በጨዋታ በተሞላ መሣሪያ ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ሰብረው የገቡት፣ የራሳቸውን ፊትና የራሳቸውን መንደር ወደሚያሳያቸው ክፍል ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። «ዲጂታል የትምህርት ዕቅድ» ሲባል በተግባር ምን ይመስላል? ዓመታዊ፣ ሳምንታዊና ዕለታዊ ዕቅድ አዘጋጅቶ ማስፈረም የቆየ ልማድ ነው። አሁን ያው ሠንጠረዥ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ይወርዳል፤ ወይም ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል፤ ስሙና ቀኑ ይቀየራል፤ ይፈረማል። ለምዘና በሚቀርቡልኝ ዕቅዶች ላይ «የመምህሩ ተግባር፦ ያብራራል፤ የተማሪው ተግባር፦ ያዳምጣል» የሚለው መሥመር ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር አንዲት ፊደል አልተለወጠበትም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ስላልተዳረሰ፣ ብዙ ተማሪ የተማረው ስልክ ላይ በተጫነ ቅጂ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። መጽሐፉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ዘበኛው ዘንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ሲሰጥም፣ በዕድሜያቸው ኮምፒዩተር ላይ ተምረው የማያውቁ ልጆች ኮምፒዩተር ላይ ተፈተኑ። እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ ለዕጩ መምህራኑ የሰጠሁት ሥራ ከዚህ ብስጭት የተወለደ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። ተማሪዎች በድምፅ፣ በፎቶና በቪዲዮ ስለ አንድ ሰፈር የሚሠሩት ፕሮጀክት ይኑር፤ መምህሩ የት የት ላይ አቁሞ እንደሚጠይቅ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ፤ መምህሩ ራሱ መልሱን አስቀድሞ የማያውቀው ቢያንስ አንድ ጥያቄም ይካተት። ያስጨነቃቸው የመጨረሻው ነው። «ዶክተር፣ መልሱን የማናውቀውን እንዴት አድርገን እናርማለን?» አሉኝ።

አንደኛው ቡድን ለልምምድ የተመደበው ፒያሳ አቅራቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት ስለነበር ዶሮ ማነቂያን መረጠ። ሰፈሩ ያን ጊዜ በቦታው አልነበረም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ እርሱን ተከትሎ ዶሮ ማነቂያና አጎራባቾቹ በልማት ስም ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ኖሮበት ለማያውቅ ሰው የዶሮ ማነቂያን ድህነት ማስዋብ ቀላል ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው አንድ መጸዳጃ ቤት ግን መከራ እንጂ ትዝታ አይደለም። ስለዚህ «ለምን ተነካ» የሚል ሙሾ አላወርድም። የምናገረው ማን እንዳየውና ከየት ሆኖ እንዳየው ነው። አዲሲቱን ፒያሳ ያሳዩን በድሮን፣ ከሰማይ፣ በሙዚቃ ታጅቦ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ በርና ደጃፍ አይታይም።

ልጆቹ ያመጡት የመሬቱን ነው። ትምህርት ቤት ላለመቀየር ሲሉ ከከተማዋ ጫፍ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ የሚመጡ ነበሩባቸው። ስልክ ክልክል ስለሆነ ቤታቸው ያላቸውን በፍላሽ ገልብጠው መጡ። ምን ነበረበት? የልደት ሻማ ሲጠፋ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከጀርባው የቆርቆሮ አጥር፤ ክረምት ላይ ጣሪያውን የሚደበድበው ዝናብ፤ አንድ ሕፃን ኳስ እያንከባለለ የሚወርድበት ጠባብ መንገድ። ሰፈሩን ልቅረጽ ብሎ የቀረጸ አንድም የለም፤ ሰፈሩ ከሰው ጀርባ ገብቶ ተገኘ። ሲፈርስ የተቀረጸ ግን አልነበረም። «ስልካችንን እንዳይቀሙን ፈርተን» አሉ። ዕጩ መምህራኑ በዚህ ላይ አልገፏቸውም፤ ደግ አደረጉ።

መልስ ያልተጻፈለት ጥያቄ «ለምን ዶሮ ማነቂያ ተባለ?» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ከአያቱ ሰምቶ፣ ለየሆቴሉ የሚቀርብ ዶሮ እዚያ ይዘጋጅ ስለነበር ነው አለ። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «ዶሮ ይታረዳል እንጂ ይታነቃል እንዴ? የታነቀውን ማን ሊበላው?» ብላ ሞገተችው። ክፍሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አብሮ ሳቀ፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አይለያዩምና። ልጁ አልተበገረም፤ «በላተኞቹ ፈረንጆች ነበሩ!» አለ። ሌላው ደግሞ መንገዱ ከጥበቱ የተነሣ ዶሮ እንኳ ተናንቃ የምታልፍበት ስለሆነ ነው ብሎ ሦስተኛ ወገን አቋቋመ። ዕጩ መምህሯ አልፈረደችም፤ እያንዳንዱ ወገን ምስክር ይዞ እንዲመጣ አዘዘች። ሥራው እውነተኛ ሥራ የሆነው በዚህ ምስክር ፍለጋ ነው። የተበተነውን ጎረቤት በስልክ ሲያፈላልጉ ሰነበቱ።

አንዲት አረጋዊት እናት ከአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየማቸው በቴሌግራም የላኩት ድምፅ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስለ ስሙ «እኔ ስመጣም ስሙ ይኸው ነበር፣ ልጆቼ» ብለው ይተዉታል። ከዚያ ሳይጠየቁ ቦኖው የት እንደነበር፣ ዕቁቡ በማን ቤት ይጣል እንደነበር፣ የዕድር ድንኳን ሲተከል የትኛው አጥር ይነሣ እንደነበር ይዘረዝራሉ። ልጆቹ በዚያ ድምፅ እየተመሩ የሰፈሩን ካርታ በእጃቸው ሣሉ፤ ካርታውን ፎቶ አንሥተው ድምፁን በላዩ ላይ አስቀመጡ። «ዕድሩ አሁንስ?» ብለው ለላኩላቸው ጥያቄ ሲደርሱ ረጅም ዝምታ አለ። ልጆቹ ያን ዝምታ ቆርጠው ሊያወጡት ነበር፤ ዕጩ መምህሯ «ተዉት፣ ይቆይ» አለቻቸው። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው የማስተማር ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

ሥራውን በተውሶ ፕሮጀክተር ሲያቀርቡ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። የጠባቡ መንገድ ቪዲዮ ሲያልፍ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ያቁሙት! ያ የእኛ በር ነው!» ብሎ ጮኸ። አቆመችው። ልጁ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን በጣቱ እየነካ፣ ከበሩ ጀርባ ስንት ክፍል እንደነበር፣ ማን የት ይተኛ እንደነበር ተናገረ። ዕቅዱ ለዚህ ሁለት ደቂቃ ነበር የመደበው፤ ዘጠኝ ፈጀ። የቀረውን ለማግሥቱ አስተላለፈችው፤ በዕቅዷም ላይ በቀይ ጽፋ ፈረመችበት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑባት አገር፣ የሰፈር ቪዲዮ ቅንጦት ነው አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች በሦስት ሳምንት ውስጥ የሦስት ምስክሮችን ቃል አመዛዝነዋል፤ ርቀትን በእርምጃ ገምተው ወደ ካርታ ልኬት ለውጠዋል፤ የሰሙትን ጽፈው፣ የጻፉትን አሳጥረው ተርከዋል። ይህ ሒሳብና ቋንቋ ካልሆነ ሒሳብና ቋንቋ ምንድን ነው? የወደቁት ልጆች ማዳመጥ አንሷቸው አይመስለኝም። ሲያዳምጡ ነው የኖሩት፤ የጠየቃቸው ነው የጠፋው።

የሥራው ቅጂ በሦስት ፍላሽ ላይ አለ፤ አንዱ ከእኔ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስቀምጥበት የለውም። ጉዳዩ ይመለከተዋል ብዬ የገመትሁትን አንድ መሥሪያ ቤት ብጠይቅ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ፤ ደብዳቤውን ስወስድ ክፍሉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል ተባለ። የአራተኛ ፎቋ እናት ግን ካርታውን በወረቀት አትማችሁ ላኩልኝ ብለው ስለነበር በትልቅ ወረቀት አትመን ላክንላቸው። ቦኖው በስተግራ እንጂ በስተቀኝ አልነበረም ብለው የሁለት ደቂቃ ድምፅ መለሱ። ልጆቹ አርመው ሁለተኛውን ላኩላቸው።