የህንድ ወጥ ሠርቼ ከአማቴ ጋር ታረቅሁ
(ከአንገር ጉቲን)

እኔ እምላችሁ አንባቢያን፣ አማትና ምራት አንድ ማድ ቤት ውስጥ ሲገቡ የሚነደው ምድጃው ብቻ ይመስላችኋል? የእኔን ጉድ ስሙና ፍረዱኝ፡፡

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. በሑዳዴ ጾም፣ አንገር ጉቲን ላይ ነው፡፡ አገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ፡፡ ከነቀምቴ በቡሬው መንገድ ወደ ሰሜን ስትጓዙ ደጋው ከኋላ ይቀርና መኪናው ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል፡፡ ጠዋት የደረባችሁትን ሹራብ እዚያ ስትደርሱ ታወልቃላችሁ፡፡ ወንዙ ከዴዴሳ ይቀላቀላል፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ፡፡ በቆሎው፣ ሰሊጡ፣ ማንጎው... ምድሩ ለጋስ ነው፡፡ ወባውም እንደዚያው! በደርግ ዘመን ከወሎና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰፋሪዎች ከነባሩ የኦሮሞ ሕዝብ ጋር የተጎራበቱበት ስለሆነ ገበያው ላይ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ይሰማል፡፡

እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝ፡፡ አንገር ጉቲን የገባሁት በጋብቻ ሲሆን እዚያው እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፡፡ ባለቤቴ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው፤ እናቱም አብረውን ይኖሩ ነበር፡፡ እሳቸው ወጥ ሲሠሩ እኔ እንጨት አቀባይ ነኝ፡፡ እኔ ስሠራ ደግሞ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ያሸቱና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መልሰው ይከድኑታል፡፡ ከስድብ አይብስም ትላላችሁ? ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን፡፡

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነቀምቴ ውስጥ የህንድ መምህራን ይታዩ ነበር፡፡ የአንዱ ባለቤት የእህቴ ጎረቤት ነበረች፡፡ አገሯ ልትመለስ ዕቃ ስትሸክፍ ‹‹ለአንቺ ይሁን›› ብላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰጠችኝ፡፡ ርዕሱ ‹‹አብስለሽ እዪ›› እንደ ማለት ነው፡፡ ሚናክሺ አማል የተባሉ የማድራስ ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 መጀመሪያ በታሚል ቋንቋ ያሳተሙት ነው፡፡ ደቡብ ህንድ ውስጥ ለሙሽራ ይሰጣል፤ ከእናቷ ቤት ርቃ የሄደች ልጅ ቤት ያፈራውን ምግብ እንዳትረሳ፡፡

ጾሙ ገባ፡፡ ሽሮ፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ክክ... ሰለቸን፡፡ እኔም መጽሐፌን ገለጥኩ፡፡ የምስር ወጥ አሠራር ላይ ‹‹ኩሚን›› የሚል ቃል አጋጠመኝ፡፡ መዝገበ ቃላቴን ባይ ‹‹አዝሙድ›› ይላል፡፡ አስተማሪ አይደለሁ? ከዚያ በላይ ማንን እጠይቃለሁ! ነጭ አዝሙድ አወጣሁና በሾርባ ማንኪያ ሁለት ሙሉ ጨመርኩበት፡፡

ባለቤቴ አንዴ ጎረሰና ‹‹ለሆድ ቁርጠት ነው እንዴ?›› አለኝ፡፡ አለቀስኩ፡፡

አማቴ ግን ዝም ብለው መጽሐፉን አነሱት፡፡ ፊደል አልቆጠሩም፡፡ ገጾቹ የሰው ማድ ቤት የኖሩ ናቸውና እርድ ነክቷቸው ቢጫ ሆነዋል፡፡ አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው አሸተቱት፡፡

‹‹ልጄ፣ ይሄ ነጭ አዝሙድ አይደለም፡፡ ከሙን ነው፡፡››

ክው አልኩ፡፡ ቀጠሉና፣ ‹‹ባሕር ማዶ ያለችውን ሴትዮ በመጽሐፍ ትጠይቂያታለሽ፡፡ እኔን እዚህ ተጎልቼ አንድ ቀን ‘እማማ፣ ምን ጨመሩበት?’ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?›› አሉኝ፡፡

መልስ አልነበረኝም፡፡ እኔ ‹‹ሙያቸውን ደብቀውኝ ነው›› እል ነበር፡፡ እሳቸው ደግሞ ‹‹የተማረች ናትና ንቃኝ ነው›› ይሉ ኖሯል፡፡

‹‹እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፡፡ እስቲ ያሳዩኝ›› አልኩ፡፡

በማግስቱ ገበያ አብረን ወጣን፡፡ ከሙኑንና ሰናፍጩን እሳቸው እያሸተቱ መረጡ፡፡ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሠራሉ፡፡ እናንተም እንድትሞክሩት እነሆ፡- አንድ ብርጭቆ ምስር ክክ አጥባችሁ በሦስት ብርጭቆ ውኃ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጋር እስኪፈርስ ቀቅሉ፡፡ ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩ፤ ሲበስል ጨውና የሎሚ ጭማቂ፡፡ ከዚያ በሌላ ትንሽ መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ (እኛ የኑግ ዘይት ነበር ያለን)፡፡ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ስትጨምሩበት ይፈነዳዳልና ቶሎ ክደኑት፣ ዓይናችሁን እንዳያገኛችሁ! ሲረጋጋ ከሙን፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ደረቅ በርበሬ፡፡ ሽታው እንደወጣ፣ ሳያር፣ ምስሩ ላይ ገልብጡና ክደኑት፡፡

ዘይቱ ምስሩ ላይ ሲያርፍ ‹‹ችስስ!›› አለ፡፡ አማቴ እጃቸውን አጨበጨቡ፡፡

‹‹መከለሻ ነዋ! እኛም እኮ መጨረሻ ላይ ነው!››

እውነትም ነው፡፡ እኛ የተፈጨውን መከለሻ ወጡ ሊወጣ ሲል እንነሰንሳለን፤ ህንዶቹ ቅመሙን ሳይፈጩ ዘይት ውስጥ አፈንድተው ይደፉበታል፡፡ የሁለቱም ጉዳይ ሽታው ከእንፋሎት ጋር እንዳይጠፋ ነው፡፡ መጽሐፉ ግን ‹‹ሽታው ሲወጣ›› ይላል እንጂ የትኛው ሽታ እንደሆነ አይነግራችሁም፡፡ እሱን ያወቅሁት ከአማቴ አፍንጫ ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከመጽሐፉ፣ አንድ ቀን ከእሳቸው ሆነ፡፡ የበርበሬ ድልሃቸውን፣ የሽሮ አዘገጃጀታቸውን ደብተር ላይ አሰፈርኩ፡፡ ‹‹ምን ያህል?›› ስላቸው ‹‹እጅሽ ይንገርሽ›› ይሉኛል፡፡ እኔም እፍኛቸውን በሲኒ እየለካሁ እጽፋለሁ፡፡

በ2015 ዓ.ም. በአካባቢው ጸጥታ ሲደፈርስ ብዙ ሰው ተፈናቀለ፤ እኛም ወጣን፡፡ የህንዱ መጽሐፍ እዚያው ቀረ፡፡ ደብተሯ ግን በአማቴ ነጠላ ተጠቅልላ ከእኛ ጋር ወጥታለች፡፡ ዛሬ የተከራየናት ክፍል ጠባብ ናት፤ ማድ ቤቷም ለሁለት ሰው አትበቃም፡፡ እሳቸው በሩ ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ‹‹አሁን ጨምሪው›› ይሉኛል፡፡

ምራቶች ሆይ፣ አማታችሁ ዝም ካሉ ንቀት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፡፡ እስቲ ዛሬ አንዴ ‹‹ምን ጨመሩበት?›› በሏቸው፡፡