ብርሃኗን ይዛ የምትወጣ እናት

ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን ገጽ አብራችሁ የምታነቡ፣ ዛሬ እስቲ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። የምንሄደው ወደ ጃፓን ነው። ቶኪዮን ግን ትተን፣ ሆንሹ የተባለውን ትልቅ ደሴት አቋርጠን ወደ ቶያማ ባሕረ ሰላጤ እንለፍ። እዚያ ዳርቻ ላይ ቆማችሁ ወደ የብሱ ብትመለከቱ 3,015 ሜትር ከፍታ ያለው ታቴያማ በረዶውን ለብሶ ይታያችኋል። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ስትመልሱ ደግሞ ውሃው ከዳር ብዙም ሳይርቅ ድንገት ገደል ይገባል፤ ጥልቀቱም ከ1,000 ሜትር ያልፋል። የአገሩ ሰዎች እስከ ዳርቻው የሚጠጉትን እነዚህን ጥልቅ ሸለቆዎች «የሰማያዊ ቀለም እንስራ» ይሏቸዋል። እንዴት ያለ ስም ነው!

ታዲያ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ከዚህ እንስራ ውስጥ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ፍጥረት አለች። ስኩዊድ ናት፤ አጥንት የሌላት፣ ብዙ እጆች ያሏት። አካሏ ያለ እጆቿ ቢለካ 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ዋታሴ ሾዛቡሮ የተባሉ የሥነ እንስሳት ሊቅ «ሆታሩኢካ» ብለው ስም አወጡላት። «ሆታሩ» በሌሊት እየበረረች ብልጭ የምትለዋ ትንሽ ነፍሳት ስትሆን፣ «ኢካ» ስኩዊድ ማለት ነው።

ስሙን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። በሆዷ በኩል 1,000 ያህል ጥቃቅን መብራቶች አሏት። ከእያንዳንዱ ዐይኗ ሥር አምስት አምስት፣ በሁለት እጆቿ ጫፍ ደግሞ ጎላ ያሉ ሦስት ሦስት ተጨምረውላታል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ አያቃጥልም። ሉሲፈሪን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነቷ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። (ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሥሩ የላቲን ቃል ነው፤ «ብርሃን ተሸካሚ» ማለት ነው።)

የምታበራው መንገዷን ለማየት ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቀን ቀን የምትውለው ከ200 ሜትር በታች ነው። እዚያ ድረስ ከላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን በጣም የደበዘዘ ነው፤ ቢሆንም ከሥር ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት አዳኝ ዓሣ የእርሷ አካል እንደ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ የሆዷን መብራት ከላይ በሚወርደው ብርሃን ልክ ታበራለች፤ ጥላዋም ይጠፋል። እኛ መብራት የምናበራው ለመታየት ነው፤ እርሷ የምታበራው ለመሰወር ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዕድሜዋ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ቀድመውም ያልቃሉ። ሴቷ የተቀበለችውን ዘር በሰውነቷ አኑራ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ትቆያለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ሴቶች አብዛኞቹ የያዙት የአንድ ወንድ ዘር ብቻ ነበር። በስኩዊዶች ዘንድ ይህ ያልተለመደ ነው፤ በሌሎች ብዙ ዝርያዎች ሴቷም ወንዱም ከብዙ ጋር ይገናኛሉ። ባልና ሚስት ሆነን ይህን ስንሰማ ወዲያው ስብከት ልናወጣበት ይዳዳን ይሆናል! እኔ ግን ቃል ኪዳን ያልገባችን ፍጥረት የጋብቻ ምሳሌ አላደርጋትም። ዘሩን ይዛ፣ ያለ አባቱ፣ ከጥልቁ ወደ ዳር መምጣቷ ብቻውን ይበቃኛል።

ከማርች እስከ ጁን ባሉት ወራት በሌሊት በብዛት ወደ ዳርቻው ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጆች ጎህ ሳይቀድ መረባቸውን ሲስቡ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። በመረቡ ውስጥ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ጨረቃ በሌለችባቸው ሌሊቶች ደግሞ ማዕበሉ ብዙዎችን ወደ አሸዋው ይተፋቸዋል፤ ዳርቻው ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ መስመር ይመስላል። ሰዎች ያንን ለማየት ይሰበሰባሉ፤ የሚያዩት ግን የብዙ እናቶችን ሞት ነው። በአሸዋ ላይ ባይወድቁም እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ብዙ አይቆዩም።

እ.ኤ.አ. በ1952 የጃፓን መንግሥት ስፍራውን ልዩ የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ልብ በሉ፣ የተመዘገበው የሚሰበሰቡበት ባሕር ነው እንጂ ስኩዊዷ አይደለችም። ስለዚህ ሌሊት ያደነቋትን ቀን ቀቅለው፣ በሆምጣጤና ሚሶ በተባለው የአኩሪ አተር ድልህ ይበሏታል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ከባሕሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ዕድሉ ገጥሟችሁ ብትሄዱ፣ ናሜሪካዋ የምትባለው ከተማ ስለዚህች ፍጥረት ብቻ የሚያስረዳ ሙዚየም አላት። በወቅቱ ከደረሳችሁ ከወደቡ በጀልባ ወጥታችሁ መረቡ ሲሳብ ማየት ትችላላችሁ። ልብስ ደርቡ፤ ከበረዶው ተራራ የሚወርደው የሌሊት ነፋስ በጸደይም ይበርዳል። የካሜራችሁንም ብልጭታ አጥፉ፤ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል።