የቆሽቴ ማስታወሻ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ ፍሬደሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ስለሆነ ነው። እኔም አክብሬዋለሁ፤ ጠዋት ጣቴን ወጋሁ፣ ቀጥዬ ሆዴን ወጋሁ።

ስኳሬ የመጣው ከታመመው ቆሽቴ ነው፤ እሱን ከተቀደድኩ ሰባት ወሬ ነው። ሐኪሙ ያን ጊዜ በወረቀት ላይ እንቁራሪት ልጅ የመሰለ ነገር ሥሎ አሳየኝ፤ ራሱ ወፈር፣ ጅራቱ ቀጠን ያለ። ራሱን ቦርቡረው፣ ቱቦውን በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ ትንሹን አንጀት ስበው ከላዩ ላይ ሰፉበት። የአሠራሩ ስም ፍሬይ ይባላል፤ በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጽሑፍ ባስተዋወቀው አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነው።

እዚህ አገር ግን ይህን ማስረዳት ከሕመሙ ይከብዳል። በአማርኛ ቆሽት ያርራል እንጂ አይታመምም። “ቆሽቴን ነው” ስል ጎረቤቴ እማማ ደንግጠው፣ “ማን ቢያሳርርህ ነው ልጄ?” አሉኝ። የቀሩት ደግሞ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፤ አረቄ። እውነት ነው፣ መጠጥ የዚህ የቆሽት በሽታ ዋና መንስኤ ነው። እኔ ግን ከሠርግና ከክርስትና ውጭ አረቄ ቀምሼ አላውቅም። በደቡብ ሕንድ ጠጥተው የማያውቁ ወጣቶች ቆሽታቸው ጠጠር እያፈራ እንደሚታመሙ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ እንዳልታወቀ አንብቤያለሁ። ይህን ለማን ልንገር?

ኅዳር 20

ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ባቄላውን አጠቆረው። እኔን ያስጨነቀኝ ባቄላው አይደለም፤ ኢንሱሊኔ ነው። ቆላ ያሉ ሰዎች ሙቀት እንዳያበላሽባቸው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ማሰሮ ያኖሩታል፤ እኛ ደጋዎች ደግሞ ብርድ እንዳይገድለው እንጠብቃለን። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። እናቴ ብልቃጡን በነጠላ ጠቅልላ መኝታዋ ራስጌ አሳደረችው። ጠዋት ስታመጣልኝ፣ “ልጅህ ደህና አድሯል” አለች።

ታኅሣሥ 8

ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ የላከችው ካፕሱል ደረሰ። ባለ 25,000 ዩኒት ነው። ቆሽቴ ማመንጨት ያቆመውን ምግብ የሚፈጭ ቅመም ይተካል። ያለ እሱ የበላሁት ቅባት ሳይፈጭ ወጥቶ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ማስታወሻዬን እናቴ ታነበዋለች።

ችግሩ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት መሆኑ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ የማይከራከሩበት አንድ ነገር ቢኖር አሳማ ነው። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ “መድኃኒት ነው፤ ዋጠው፣ ስሙን አትጥራው” አሉኝ። እማማ ግን ጉዳዩን በዚህ አልዘጉትም። ከምን እንደሚሠራ ስነግራቸው “አዑዙ ቢላህ!” ብለው ተነሡ። ማታ ተመለሱ። “ሼሁን ጠየቅኩልህ። ነፍስ ለማዳን ሲሆን የተከለከለውም ይፈቀዳል ብለዋል።”

“እማማ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።”

“ቢሆንስ?”

ታኅሣሥ 29

ገና። አራጁ የበጉን ሆድ ሲከፍት ቆሽቱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጣፊያውን አንሥቶ ሰጠኝ፤ እኔም ድሮ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ከጨጓራው ሥር ፈልገን አገኘነው፤ ሐመር ሮዝ፣ ልስልስ፣ ጥቃቅን ፍሬ በፍሬ የተያያዘ። “ይሄ ነው እንዴ ጋሼ ለውሻ የምንጥለው?” አለ። ይሄው ነው። ለ60 ዓመታት ያህል የዓለም ኢንሱሊን የሚወጣው ከቄራ ከተሰበሰበ የበሬና የአሳማ ቆሽት ነበር፤ በባክቴሪያ የሚመረተው ለገበያ የበቃው በ1982 እ.አ.አ. ነው። በእጄ ይዤው ቆየሁ። የእኔ እንዲህ ልስልስ አልነበረም፤ ጠጠር ይዞ ደርቆ ነበር አሉኝ።

ከመቀደዴ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ እህል እፈራ ነበር። በበላሁ ቁጥር ጀርባዬ ድረስ ይወጋኛል፤ ጉልበቴን አቅፌ አጎንብሼ ነበር የማድረው። ያ ሄዷል። አልፎ አልፎ ዝናብ ሊመጣ ሲል ስፌቱ ይስበኛል። ከደሴ ስመለስም የአውቶቡሱ መንገጫገጭ ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ ትራስ ሆዴ ላይ ያሳቅፈኛል። ይህን እንደ ሕመም አልቆጥረውም።

ጥር 16

ገበያ መሐል ስኳሬ ወረደ። የእኔ ዓይነቱ ስኳር ክፉ ነው፤ ስኳርን የሚያወርደውም፣ ሲወርድ የሚያነሣውም ከዚያው ከቆሽት የሚወጣ ነበርና ሁለቱንም አጣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አሰመጠኝ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ እግሬ ተንገዳገደ። አንዲት ጨው ሻጭ፣ “በጠዋቱ!” ስትል ሰማኋት። ኪሴ ያለውን ከረሜላ ለመላጥ ጣቴ እምቢ ሲለኝ ከነወረቀቱ አፌ ውስጥ ጨመርኩት።

ቤቴ ስገባ ቆሽቴ አረረ። ያለኝ ትራፊ ቢሆንም ለዚህ አላነሰም።

የካቲት 25

ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ ቅዳሜ የካቲት 22። ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ሆኖ ሰፈሩ በቀን ጭስ አጥቷል። ኢንሱሊን ወግቶ መጾም ራስን መጣል ስለሆነ የምበላው እኔ ብቻ ነኝ። ሰሞኑን በሬን ዘግቼ፣ ማንኪያው ሳህኑን እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ነበር።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ እማማ በሩን አንኳኩ። “ሌባ ነህ እንዴ? ና እኔ ቤት ብላ።” ገብስ ገንፎ ሠርተው ጠበቁኝ፤ እንደማይስማማኝ ስለሚያውቁ ቅቤውን አሳንሰው። ገንፎውን ሳይቀምሱ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሣ እጄን ያዙኝና ካፕሱሉን አቀበሉኝ። ገንፎው ሲጋመስ ሁለተኛውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱ።

“ይሄንንም ዋጥ። ስሙን አትጥራው።”