የጃፓንን ቋንቋ በራሳችን በር ገብተን ስለ መማር

የባዕድ ቋንቋ ለመማር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከባድ ነውን?» ብሎ ነው። ነገር ግን ክብደት በቋንቋው ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ተማሪው ከሚነሣበት ስፍራም ይመጣል። ለአንዱ ዳገት የሆነው መንገድ ከወዲያ ማዶ ለሚመጣው ቁልቁለት ነው። ስለ ጃፓን ቋንቋ በመካከላችን የሚነገረውም ፍርሃት አብዛኛው የራሳችን አይደለም፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከተጻፉ መጻሕፍት የተዋስነው ነው። እነዚያ መጻሕፍት «ዐረፍተ ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ግሱ በመጨረሻ ይመጣል፤ የአክብሮቱ አነጋገር ያስቸግራል» እያሉ ያስጠነቅቃሉ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አንብቦ ቢፈራ ያልተበደረውን ዕዳ መክፈሉ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛ ስለ ጻፉ፥ አንባቢው ያችን አገር በገዛ ቋንቋው ለማወቅ ቻለ። እኛም ቀን በመሥሪያ ቤት ውለን በማታ ከባልደረቦቻችን ጋር ጃፓንኛ ስናጠና ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ በአማርኛ በር የገባ ሰው ድካሙ ይቀንሳል፤ ደስታው ግን ይበዛል።

ለምሳሌ «ዋታሺ ዋ ሆን ኦ ዮሚማሱ» ማለት «እኔ መጽሐፍ አነባለሁ» ማለት ነው። ባለቤቱ በፊት፥ ተሳቢው በመካከል፥ ግሱ በመጨረሻ፤ ሥርዓቱ የእኛው ነው። «ኦ» የምትባለው ቅንጣትም «መጽሐፉን» ስንል በስሙ መጨረሻ የምንቀጥላትን «ን» ትመስላለች። እንደዚሁም «ኪኖ ካታ ሆን» ሲባል «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ማለት ነው። እንግሊዛዊው መጽሐፉን አስቀድሞ መግዛቱን ያስከትላል፤ እኛና ጃፓኖች ግን መግለጫውን አስቀድመን መጽሐፉን እናስከትላለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የቦዝ አንቀጻችን መልክ በጃፓንኛ መገኘቱ ነው። «አሳ ኦኪቴ፥ ካኦ ኦ አራቴ፥ ጎሃን ኦ ታቤቴ፥ ጋኮ ኤ ኢታ» ቢሉ «ጧት ተነሥቶ፥ ፊቱን ታጥቦ፥ ምግብ በልቶ፥ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» ማለት ነው። የተለየው «ወደ» የምንለው በስሙ ፊት ሲውል የእነርሱ «ኤ» በስሙ ኋላ መዋሉ ነው። ደግሞ እኛ ልብስ ስንገዛ «ለብሼ ልየው» እንደምንል እነርሱም «ኪቴ ሚሩ» ይላሉ፤ «ኪቴ» ለብሶ፥ «ሚሩ» ማየት ነው። ስለዚህ በየማታው የዕለቱን ሥራ በቦዝ አንቀጽ እያያያዙ በአራት ወይም በአምስት መስመር መጻፍ ዐሥር ገጽ ሰዋስው ከመሸምደድ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ ፊደሉም ስንሄድ ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ የፊደል ዐይነቶች እያንዳንዳቸው 46 መሠረታውያን ምልክቶች አሏቸው። 231 ፊደል «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ የቈጠረ ሰው «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ፤ ሳ ሺ ሱ ሴ ሶ» እያለ ለመቍጠር ምን ይቸግረዋል? እርግጥ ነው፥ የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መልኩ ሲዛመድ የእነርሱ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠናል። እኛ ከ«ሀ ለ ሐ መ» ሌላ «አ በ ገ ደ» እንዳለን ሁሉ እነርሱም ኢሮሃ የሚባል ሌላ የቈየ የፊደል ተራ አላቸው። በዚሁ ተራ እያንዳንዱ ፊደል በሚጀምረው ምሳሌያዊ ንግግር የተሠራ የካርታ ጨዋታ አለ፤ አንዱ ምሳሌውን ሲያነብ ሌሎቹ ሥዕሉን ለማንሣት ይሽቀዳደማሉ። በካርቶን ቈርጦ በቤት መሥራት ይቻላል።

ከጨዋታው ሁሉ ለእኛ የሚስማማው ግን ሺሪቶሪ ነው። አንዱ በተናገረው ቃል የመጨረሻ ፊደል ሌላው አዲስ ቃል ይጀምራል፤ በ«ን» የሚያልቅ ቃል የተናገረ ተሸናፊ ነው። «ሳኩራ፥ ራኩዳ፥ ዳይጋኩ፥ ኩሩማ፥ ማዶ» ቢባል የአበባ ዛፍ፥ ግመል፥ ዩኒቨርሲቲ፥ መኪና፥ መስኮት ማለት ነው፤ በእኛም ፊደል ሲጻፍ ሰንሰለቱ አይበጠስም። «ማዶ» መስኮት መሆኑንም አማርኛ ተናጋሪ አይረሳውም፤ ማዶ የሚታየው በመስኮት ነውና።

ማጥበቅና ማላላትም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አለ» ጠብቆ መኖርን፥ ላልቶ መናገርን እንደሚያመለክት፥ «ኪቴ» ላልቶ «መጥቶ» ሲሆን ጠብቆ የደብዳቤ ቴምብር ይሆናል። ለእኛ አዲስ የሆነው የድምፅ መርዘም ነው፤ «ኦባሳን» አክስት ስትሆን «ባ» ሲረዝም አያት ትሆናለች። ይህን ጮክ ብሎ በማንበብ ጆሮን ማስለመድ ያስፈልጋል።

ካንጂ የተባለው ከቻይና የመጣው ጽሕፈት በእርግጥ ብዙ ትጋት ይጠይቃል። መንግሥት ለዕለታዊ ጽሕፈት የመደባቸው 2,136 ናቸው፤ ከእነዚህም 1,026ቱን የጃፓን ልጆች በስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይማራሉ። በቋንቋው የተወለደ ልጅ ስድስት ዓመት ከፈጀበት፥ እኛ በስድስት ወር አላወቅነውም ብለን ማዘን አይገባንም። ምልክቶቹን እንደ ሥዕል ማየት ደስ ያሰኛል፤ አንድ ዛፍ ዛፍ ነው፤ ሁለት ዛፍ ቍጥቋጦ፥ ሦስት ዛፍ ደን ይሆናል። ሰው በዛፍ አጠገብ ቢቀመጥ ትርጉሙ ዕረፍት ነው፤ ከዋርካ ጥላ ሥር ያረፈ መንገደኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይሻም።

ስለ አክብሮትም ጥቂት እንናገር። በጃፓንኛ በተራ አነጋገር «አንታ» ማለት «አንተ» ማለት ነው። ዝምድና የሌለው አጋጣሚ ቢሆንም ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፤ ታላቅን «አንተ» እንደማንል እነርሱም ታላቅን «አንታ» አይሉም። ነገር ግን አንድ የሚለየን ልማድ አለ። እኛ ለውጭ እንግዳ «አለቃችን ወጥተዋል» እንላለን፤ ጃፓናዊው ጸሐፊ ግን ለእንግዳው ክብር ሲል የራሱን አለቃ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ይህን ለመልመድ አንዱ እንግዳ፥ ሌላው ጸሐፊ እየሆኑ መጫወት ከሁሉ ይበልጣል፤ ሳቁም ትምህርቱን ያጸናዋል።

በመጨረሻም ያለ ክለሳ የሚጸና የለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፥ የተማሩት ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ፈጥኖ እንደሚረሳ፥ በየጊዜው ሲደጋገም ግን እንደሚጸና አስረድቷል። የቆሎ ተማሪዎቻችንም የቃል ትምህርታቸውን በጨለማ ሲደጋግሙ በዚህ ጥበብ ሲጠቀሙ ኖረዋል። የዛሬውን ቃል ነገ፥ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መከለስ ይበቃል።

የሠራተኛ ሰው ማታ አጭር ነው፤ ተማሪም ገንዘቡ ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ጊዜና ገንዘብ በተዋሱት ፍርሃት ማባከን ያሳዝናል። መምህራን በአማርኛ ሰዋስው ላይ የተመሠረተ የጃፓንኛ መማሪያ ቢያበዙልን፥ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከእኛ ባጠረ መንገድ ይደርሳል። ጃፓኖች «አቧራም ሲከማች ተራራ ይሆናል» ይላሉ፤ እኛም «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ሁለቱን ምሳሌ ጎን ለጎን የጻፈ ተማሪ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሷል።