ከጠመንጃ ወደ ደብዳቤ ከረጢት
የመተማና የገዳሪፍ መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ አይከልን ካለፈ በኋላ አየሩ ከሰዓት ወደ ሰዓት ሲለወጥበት ይሰማዋል። የደጋው ነፋስ ከኋላው ይቀራል፤ ጋቢው በትከሻው ላይ ይከብደዋል፤ ጤፉና ገብሱ ለማሽላና ለሰሊጥ፥ ወይራውም ለመቀርና ለግራር ቦታውን ይለቃል። ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ አገሩ ሜዳ፥ ሙቀቱም እሳት ይሆንበታል። ከከተማይቱ ጫፍ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። ከድልድይቱ ማዶ ያለችው ከተማ ጋላባት ትባላለች፤ ከዚያም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ገዳሪፍ ትገኛለች።

ስለዚህ መንገድ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ጦርነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ የቈሰሉት በዚሁ በመተማ ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፥ የከተማይቱም ስም ከስማቸው ጋራ ተያይዞ ስለ ቀረ፥ ጸሓፊዎች ሁሉ ወደዚያው ቢያዘነብሉ አያስደንቅም። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የወደድነው በዚህ መንገድ ስለ ተመላለሱ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ለደመወዝ የሚዋጋው ቅጥር ወታደር፥ ሁለተኛው ደብዳቤ ተሸካሚው ናቸው። ሁለቱን ማገናኘታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጀመሪያው ዕድሜው ሲገፋ ሁለተኛውን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነበርና ነው።

ገዳሪፍ ራሷ የእንግዶች ከተማ ናት። በጥንት ስሟ ሱቅ አቡ ሲን፥ ማለት የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ነገድ የገዢዎች ቤተሰብ ነው። መሬቷ መረሬ ጥቍር አፈር ሲሆን በበጋ እጅና እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። መንገዱ በአስፋልት እስኪሠራ ድረስ በሐምሌና በነሐሴ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት መሄድ የሚደፍር መኪና ብርቅ ነበር፤ ግመልም ቢሆን በጭቃ ላይ ያንሸራትተዋልና ደስ አይለውም። ይህ እግር የሚይዝ ጭቃ ግን የሱዳንን ሕዝብ የሚመግብ ነው። የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1928 ገዳሪፍ ከደረሰ በኋላ፥ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሩ እህል በማስፈለጉ ከ1944 ጀምሮ በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማሽላ ማምረት ተጀመረ። ሰሊጡም በገበያዋ በጨረታ እየተሸጠ ከባሕር ማዶ ይሄዳል። ለአጨዳው ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ቍጥር ብዙ ነበር፤ ከእነርሱም ወባና ካላዛር የሚባለው ክፉ በሽታ እዚያው ያስቀራቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ከአገሬው ነገድ ሌላ በገዳሪፍና በጋላባት ቀድሞ የሰፈረው እንግዳ ተክሩር ነው። ተክሩሮች ከምዕራብ አፍሪቃና ከዳርፉር ተነሥተው ወደ መካ በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናን ነበሩ። መንገዱ ረጅም፥ ስንቁም አጭር ስለ ሆነ በየደረሱበት እየሠሩ ይቈያሉ፤ ከቈዩትም ብዙዎች እዚያው ይቀራሉ። በመተማና በጋላባት የሰፈሩት በሼኽ ሚሪ ጊዜ ከበረቱ በኋላ ከኢትዮጵያና ከግብፅ መካከል ስለ ነበሩ፥ ብልሃታቸውን አይተው ለሁለቱም ወገን ይገብሩ ነበር። ሁለት ግብር መክፈል ቀላል ነገር ባይሆንም፥ ሁለት ጊዜ ከመዘረፍ ግን የተሻለ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል።

ሁለተኛው እንግዳ በጠመንጃው የመጣው ነው። የመሐመድ ዐሊ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1821 ሱዳንን በያዘ ጊዜ ከቱርክና ከአልባንያ የተቀጠሩ ሰዎች አብረው ወረዱ። ቀድሞ የተዋጓቸው የሻይጊያ ፈረሰኞችም ድል ከሆኑ በኋላ በደመወዝ አድረው ለእነዚያው ገዢዎች ግብር ሰብሳቢዎች ሆኑ። ከጥቍር ሕዝብ በግድ እየተያዙ ወታደር የተደረጉትማ ዕድላቸው የባሰ ነበር። ከእነርሱ ውስጥ ከ440 የማያንሱት የግብፅ ገዢ ለፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ለሦስተኛው ናፖሌዎን ስላበደራቸው፥ እ.ኤ.አ. በ1863 በመርከብ ተጭነው ሜክሲኮ ድረስ ሄደው ተዋጉ። ሰው እንደ ዕቃ የሚበደርበት ጊዜ ነበርና ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው አልነበረም። የተረፉትም በ1867 ተመለሱ።

በምሥራቅ ሱዳን የቀሩት ጓደኞቻቸው ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። በከሰላ የሰፈረው ጦር ደመወዙ ለብዙ ጊዜ ስላልተከፈለው እ.ኤ.አ. በ1865 አመፀና ከተማይቱን አወደመ፤ ዐመፁም በብዙ ደም ታፈነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሆርሙዝ ራሳም የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከምጽዋ ተነሥቶ በዚያው በከሰላ ሲያልፍ ፍርስራሹን አይቷል። ራሳም ኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ የደረሰው ለዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ነገሩን ያስታወሰ ሰው እንደሚያውቀው፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶርያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ከደረሰ በኋላ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ቆንሲሉ ካሜሮን ደብዳቤውን ራሱ በማድረስ ፈንታ በሌላ እጅ ልኮ እርሱ ወደ ከሰላና ወደ መተማ መዝለቁ ቍጣውን አባባሰው። ራሳም መልሱን ይዞ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ እርሱም እንደ ካሜሮን መቅደላ ላይ ታሰረ። በአገራችን ልማድ መልእክተኛ የማይነካ ሆኖ ሳለ፥ ያልተመለሰ አንድ ወረቀት ልማዱን አፈረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውንም አስከተለ።

የቅጥር ወታደር ኑሮ ምን እንደሚመስል ከሁሉ አጕልቶ የሚያሳየው ግን የከሰላው ርክክብ ነው። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1894 ከሰላን ከደርቡሽ ቀምተው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያዙ። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን አቅማቸው ስለ ደከመ ታኅሣሥ 25 ቀን 1897፥ በፈረንጆች የልደት በዓል ዕለት፥ ምሽጉን ለግብፅ ጦር አዛዥ ለኮሎኔል ፓርሰንስ አስረከቡ። የጣልያን ባንዲራ ወረደ፤ የግብፅ ባንዲራ ወጣ። በጣልያን ደመወዝ ያደሩ ያገሩ ወታደሮችም ከምሽጉ ጋራ አብረው ወደ አዲሱ ጌታ ተዛወሩና የዐረብ ባታሊዮን ተባሉ። ማታ በጣልያንኛ ትእዛዝ ያደረው ሰው ጧት በግብፅ ጦር ልማድ በቱርክኛ ትእዛዝ ተሰለፈ። ከዘጠኝ ወር በኋላም መስከረም 22 ቀን 1898 ገዳሪፍን ከአሕመድ ፋዲል ጦር የወሰደው ኃይል ከ1,400 የማይበልጥ ሲሆን፥ እነዚህ ሰዎች ከውስጡ ነበሩበት። በእኛ አገር ከጣልያን ቋንቋ የመጣው «ባንዳ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ ስድብ መሆኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ባንዲራ ወደ ሌላው በመዝገብ የተላለፈውን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል መፍረድ ሲያስቸግረን አይተናል።

በዚያው በ1898 ዓመት፥ በመጋቢት መጀመሪያ፥ አንድ ሌላ ነገር ሆነ። ለሱዳን አዲስ የፖስታ ቴምብር ወጣ። ሥዕሉን የነደፈው ስታንተን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ሲሆን፥ ንድፉ በግመል ላይ ተቀምጦ የደብዳቤ ከረጢት አንጠልጥሎ በምድረ በዳ የሚጋልብ ሰው ያሳያል። ኻርቱም ገና በደርቡሽ እጅ ሳለች ቴምብሩ መውጣቱ ነገሩን ትንሽ የሚያስፈግግ ያደርገዋል፤ ከምድሩ ፖስታው ቀደመ ማለት ነው። በወረቀቱም ውስጥ የነበረው የውኃ ምልክት መስቀል ስለ መሰለ የእስላሙ ሕዝብ ቅር እንዳይለው ኋላ በጨረቃና በኮከብ ተለወጠ። ግመለኛው ግን ከ50 ዓመት በላይ በቴምብሩ ላይ ጋለበ።

ቴምብሩ ላይ ያለው ሰው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ባቡር ባልደረሰበት ሁሉ ፖስታ በግመል ይሄድ ነበር። ከጦሩ በዕድሜ የተሰናበቱ ወታደሮችም ለአንዳንዶቹ በመንግሥት መሬት ላይ መንደር ሲመሠረትላቸው፥ ሌሎቹ ዘበኛ፥ ፖሊስ፥ ወይም ሱዳኖች «መራስላ» የሚሉት የመሥሪያ ቤት መልእክተኛ እየሆኑ ይቀጠሩ ነበር። የመንግሥትን ነገር መጠበቅ የለመዱ፥ መንገዱን የሚያውቁ፥ ብዙ ቋንቋ የሰሙ በመሆናቸው ለሥራው የተመቹ ነበሩ።

እስቲ ከነዚህ አንዱን በሐሳባችን እናቁመው። በመዝገብ ላይ የተጻፈ አንድ የታወቀ ሰው ስላልሆነ ስም አንሰጠውም። በወጣትነቱ ከደጋ ወርዶ ከሰላ ላይ ለጣልያን ተቀጠረ፤ ከምሽጉ ጋራ ለግብፅ ተላለፈ፤ በገዳሪፍ ተዋጋ፤ ጉልበቱ ሲደክም ተሰናበተ። ወደ ትውልድ አገሩ እንዳይመለስ ምን ብሎ ይመለሳል? ለማን ሲዋጋ እንደ ኖረ ለወንድሞቹ ምን ይነግራል? ስለዚህ የደብዳቤ ከረጢት ተቀብሎ በገዳሪፍና በጋላባት መካከል ይመላለስ ጀመር። ቀድሞ በዚያው መንገድ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ሴቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው ይሸሹ፥ ባሎች እህሉን በጉድጓድ ይደብቁ ነበር። አሁን ግመሉ ከሩቅ ሲታይ ልጆች «ጀዋብ መጣ!» እያሉ ወደ እርሱ ይሮጣሉ። ጀዋብ በሱዳኖች አነጋገር ደብዳቤ ማለት ነው። የከረጢቱ አፍ በእርሳስ የታተመ ስለ ሆነ ሊከፍተው አይችልም፤ ሆኖም ባል በፖርት ሱዳን ያላት ሴት ውስጡ ምን እንዳለ እርሱን ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ነገ ከፖስታ ቤት ሰው ላኪ ይላታል። ውኃ ይሰጡታል፤ ዐሲዳ ይቀርብለታል። በየመንደሩ ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ወለደ ያውቃል። ከተክሩር ወገን የሆነች ሚስት ያገባል። በመጨረሻም ሲሞት የሚያጥበውና የሚቀብረው ዘመድ የለውም ሳይባል የመንደሩ ሰው ሁሉ ይወጣል።

ይህን ያህል በሐሳብ ከሄድን ይበቃናል። በእኛ ወገን የፖስታው ነገር የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከቈሰሉበት ዕለት ልክ በአምስተኛው ዓመት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን እናስታውሰዋለን። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በፊትም ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ቀርቅሮ፥ መልእክተኛነቱ ከሩቅ እንዲታወቅ አድርጎ የሚጓዝ እግረኛ በአገራችን መንገድ ሁሉ የታወቀ ነበር።

የገዳሪፍ መንገድ ደግሞ በጠላት ወረራ ዘመን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ አይቷል። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጣልያን ወደ ጦርነቱ ሲገባ፥ ከሱዳን ለጎጃምና ለጎንደር አርበኞች አለቆች የተጻፉ ደብዳቤዎች በእግረኛ መልእክተኞች እጅ በስውር ድንበሩን ተሻገሩ። ያ ወረቀት በጠላት እጅ ቢያዝ ተሸካሚው ሞት ነበረበት። ኮሎኔል ሳንድፎርድም በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከዶካ ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። ከጣልያን ጦር ከድተው ወደ ሱዳን የሚሻገሩ አስካሪዎችም በየጊዜው ይመጡ ነበር፤ ከእነርሱም ሶልዶውን ትተው ለአገራቸው ነጻነት የተዋጉ አሉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ መልእክቱ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድልድይቱን የተሻገረው ሕዝብ ብዙ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ያሰደዳቸው ኢትዮጵያውያን በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አጠገብ ባለው በተዋዋ ሰፈሩ፤ ቤተ እስራኤሎችም ከዚያው አካባቢ በሌሊት እየተጫኑ ወደ ኻርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተወሰዱ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹት ኡም ራኩባን እንደ ገና ሞሉት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሱዳንን ራሷን ያዘና ከኻርቱም የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍ ገባ፤ ከዚያም የገፋው በጋላባት አድርጎ መተማ ወጣ። ትናንት አስተናጋጅ የነበረው ዛሬ እንግዳ ሆኖ፥ የደጋውን ብርድ በአንድ ብርድ ልብስ ሲሞክር ማየት ያሳዝናል። በዚህ ጦርነት ውስጥም ከሌላ አገር በገንዘብ ተቀጥረው የመጡ ተዋጊዎች መኖራቸው በሰፊው ተነግሯል፤ የድሮው ንግድ አልቀረም።

በነዚህ ሰፈሮች ስደተኛው ከምግብና ከውኃ ቀጥሎ የሚጠይቀው ወሬ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሐምዳየትና በኡም ራኩባ የቀይ መስቀልና የሱዳን ቀይ ጨረቃ ሠራተኞች ስልክ ይዘው ተቀምጠው፥ ከቤተሰቡ የተለየውን ሁሉ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ያናግሩ ነበር። ስልኩ በማይሠራበት አገር ዘመድ ያለው ግን አሁንም የሚተማመነው እንደ አያቶቹ በሰው እጅ ነው። ሰሊጥ የጫነ ሾፌር ወይም ነጋዴ ያገኛል፤ ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ቴምብር የሌለበትን ወረቀት አጣጥፎ ይሰጠዋል። ሾፌሩም ወረቀቱን ከኪሱ ከማግባቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የማን ልጅ እንደ ሆነና ቤታቸው በየት በኩል እንደ ሆነ።