ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ሥልጣን ክፍፍል አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ስትሆን፣ ላለፉት አራት ወራት ግማሽዋ ተሞልቶ ግማሽዋ ባዶ እንደሆነ በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በጥር ወር 2014 ዓ.ም. መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤታችን በማሕፀን በር ካንሰር አረፈች። ከተማይቱ በዚያ ወቅት የነበረችበትን ሁኔታ መዘርዘር ለአንባቢ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ባንኮች ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግተዋል፣ መድኃኒት እንደ ልብ አይገባም፣ ሐኪሞች ፓራሲታሞል እንኳ እንደ ጠፋ ለዓለም ይናገሩ ነበር። ሐኪሟ «ከእንግዲህ ቤት ብትሆን ይሻላል» ሲለን ምን ማለቱ እንደሆነ ገባን። የቀሩት ሠላሳ አራት ቀናት እንዴት እንደሚታለፉ የነገረን ግን አልነበረም። ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ሲስተር በየማታው እየመጡ ያገላብጧት፣ ቁስሏን ያጥቡላት፣ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ያርሱላት ነበር። ሞርፊንስ ከየት ይምጣ? አደይ ጩኸቷ ከግቢ እንዳይወጣ የጋቢዋን ጫፍ ትነክስ ነበር። ጋቢው ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፤ አላጠብኩትም።

ነፍሷ በወጣች በሰዓታት ውስጥ ዕድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ደረሰ። በዚያ ችጋር መሀል እንኳ ደረሰ! ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተደራጀን ሕዝብ፣ በመሞት ላይ ላለ ሰው ምነው ባዶ እጃችንን ሆንን? ይህ ጥያቄ ነው ከሲስተር ጋር አንድ ሐሳብ ያስጀመረን፦ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ባጃጅ፣ በእናቴ ቤት ደግሞ አራት አልጋ። መክፈል የሚችል ይከፍላል፤ በእርሱ ክፍያ የማይችለው ይታከማል። ሒሳቡ እንደማያዋጣ የነገሩኝ ወዳጆች አሉ። ምናልባት ልክ ናቸው።

ሆስፒስ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ። የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ የገደበው ይህ አዋጅ፣ በመመሪያው ትራንስፖርትንና ሥልጠናን ሳይቀር «አስተዳደር» ውስጥ ይከት እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ከቤት ቤት እየዞረ ሕሙማንን ለሚጎበኝ አገልግሎት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነገሩ ላላ፤ ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩም ተፈቀደ። ይሁንና አንድ ጊዜ የተዘጋ በር ሲከፈትም ሆነ ሲዘጋ ያየ ሰው፣ በሩ ፊት ሲቆም ጆሮው ቀጥ ይላል።

ለዚህም ነው አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ውስጥ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ የነሣኝ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነበር። ዝርዝሩን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ የሚባል ተቋም እኛ ዘንድ የለም» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዲስ ፈቃድ መስጠት ለጊዜው ሊገታ ይችላል የሚል ወሬ እንዳለ፣ ካሰብኩበትም እንድፈጥን መከረኝ። የሌለ ነገር እንዴት ይገታል? ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት።

እርግጥ ነው፣ ፈቃድን መገደብ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። ካሊፎርኒያ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አዲስ የሆስፒስ ፈቃድ መስጠት አቁማ ነበር። ምክንያትም ነበራት። የግዛቲቱ ኦዲተር በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ በሎስ አንጀለስ አውራጃ የሆስፒሶች ቁጥር ከ2010 ወዲህ በ1,500 በመቶ ማደጉን፣ በአንድ ሕንፃ አድራሻ ብቻ ከመቶ በላይ የሆስፒስና የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅቶች መመዝገባቸውን አጋልጧል። ሞት የማያሰጋውን ጤነኛ አዛውንት «ሊሞት ነው» ብሎ መዝግቦ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ መሰብሰብ! እዚያ መንግሥት ስለሚከፍል ሌባው መጣ። እዚህ የሚከፍል የለም፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድናችንም በዋናነት የሚዋዋለው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። ስለዚህ የእነርሱን መድኃኒት ለእኛ በሽታ ማዘዝ ስሕተት ይመስለኛል።

እውነተኛው ጥያቄ ሞርፊኑ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ ሲከፍቱ የዱቄት ሞርፊን በውኃ ተበጥብጦ በርካሽ ዋጋ እንዲዳረስ አደረጉ፤ በ2004 ደግሞ አገሪቱ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። ቁልፉ በሣጥን ሲቆለፍ፣ መዝገቡ ሲመረመር፣ ባለፈቃዱ ሲጠየቅ እኔ አልቃወምም። ይመርመሩኝ። አራት አልጋዬን በየወሩ ይቁጠሩ። ነገር ግን ማንም ሳይጀምረው «በቃ» አይባል።

ትናንት ሲስተር ቡና ሊጠጡ መጥተው «ወረቀቱን አስገባኸው?» አሉኝ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ሆኗል፤ ጉልበታቸውም ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል። «ሰኞ» አልኳቸው። «እኔ እኮ ብዙ ሰኞ የለኝም» ብለው ሳቁ። ማታ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁት። «የተቋሙ ዓይነት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ባዶ መስመር እጅግ አጭር ነው፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

ቸር ያሰማን።