ባዶው ቅንፍ፦ ገለጻና ሜታዳታ በማርክዳውን ጽሑፍ

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ቁልቁለቱን ጎርፍ የሚያጥበው አገር በመሆኑ፣ የአፈር መሸርሸርን ለሚያጠና ሰው የማሳ ፎቶግራፍ ጌጥ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ ወደ ጽሑፍ ሲገባ ለሁሉም አንባቢ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረገው ማርክዳውን በተባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ምስል በአንድ መስመር ይገባል፤ በመጀመሪያ ቃለ አጋኖ፣ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የምስሉ ገለጻ፣ በመጨረሻም በክብ ቅንፍ ውስጥ የፋይሉ አድራሻ ይጻፋል። የማዕዘን ቅንፉ ባዶ ቢቀር ለሚያይ ሰው የሚጎድል ነገር የለም። ጽሑፉን በስክሪን ሪደር የሚያዳምጥ ዓይነ ስውር ተመራማሪ ግን ምስል መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ጥናት «እርከኑ ከታች በኩል ቀድሞ ይፈርሳል» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ማስረጃው ፎቶግራፍ ብቻ ነው እንበል። «ምስል 1፣ እርከን» የሚለው ገለጻ ምንም አያስረዳም። «በዳገታማ የገብስ ማሳ ላይ አራት የድንጋይ እርከኖች ይታያሉ፤ ሦስቱ ሙሉ ናቸው፤ የታችኛው በመካከሉ ተንዷል» የሚለው ግን አድማጩ ድምዳሜውን ራሱ እንዲመዝን ያስችለዋል። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል ቅንፉ ሆን ተብሎ ባዶ ሊተው ይገባል። የትኛው ጌጥ፣ የትኛው ማስረጃ እንደ ሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።

ሜታዳታም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ማርክዳውን ለርእስ፣ ለጸሐፊ፣ ለቀንና ለቋንቋ የለየው ስፍራ አልነበረውም፤ እንደ ፓንዶክና ጄኪል ያሉ መሣሪያዎች በጽሑፉ ራስ ላይ፣ በሦስት በሦስት ሰረዞች መካከል እንዲጻፍ ፈቀዱ። በአማርኛ ጽሑፍ እነዚህ ጥቂት መስመሮች ከባድ ሸክም ይሸከማሉ። አማርኛ፣ ግዕዝና ትግርኛ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ፊደሉ ብቻውን ቋንቋውን አይለይም፤ ቋንቋው ካልተገለጸ ስክሪን ሪደሩ በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብ በእርግጠኝነት አያውቅም። «2008» የሚል ቀን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልተነገረ፣ በኤልኒኞ ድርቅ ዓመት የተነሣ ፎቶግራፍ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረ የዝናብ መረጃ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። «ዓፈር» ብሎ የጻፈውን ጥናት «አፈር» ብሎ የሚፈልግ ሰው እንዳያጣው በቁልፍ ቃላት መስመር ላይ ሁለቱም አጻጻፍ ሊሰፍሩ ይገባል።

ይህ አሠራር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይለያሉ፤ ብዙ ጊዜም በመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው ይመዘግባሉ። የዜማ መጻሕፍት ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደላት «ምልክት» ይይዛሉ፤ ትውፊት የምልክቱን ሥራ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ቀዩ ቀለምም ሆነ ምልክቱ ለዓይን የተሠራ ነው። ሆኖም በአብነት ትምህርት ቤት መጽሐፉ ብቻውን አልነበረም፤ ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር ገጹ የያዘውን ከመምህሩ አፍ ይቀበል ነበር።

ዛሬ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚላክ ፋይል አጠገቡ መምህር የለውም። መምህሩ በቃል ይጨምረው የነበረው ሁሉ በፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ የሚጨምረው አይኖርም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መረጃ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። ግዴታው በሕግ መጻፉ መልካም ነው፤ የሚፈጸመው ግን ጸሐፊው ማሳውን ገና በሚያስታውስበት፣ ጽሑፉ በሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ከዓመታት በኋላ ቅንፉን ለመሙላት የሚመጣ ሰው ፎቶግራፉን ያገኝ ይሆናል፤ የተናደው እርከን የትኛው እንደ ነበር፣ ለምንስ እንደ ተነሣ የሚነግረው ግን አያገኝም።